ሰዓቱን የያዘው ማን ነው? የምርጫ ሕግ ሲሻሻል ስለሚቆረጠው የክርክር ጊዜ



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ባለፈው ዓመት የጀመዓችንን የምርጫ ደንብ ያሻሻልንበትን ቀን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ ውስጥ ተቀመጥን። የሹራው አባላት ረቂቁን አነበቡልን፤ ሦስት ገጽ ነበር። እጅ የሚያወጣው ሲበዛ ሰብሳቢው «መግሪብ እየደረሰ ነው፤ አምስት ሰው ብቻ ይናገር፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ» አለ። ይህንን ገደብ በድምፅ ያጸደቅነው እኛው ነን። ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው ልጆችም እጃችንን አውጥተን ደግፈናል። ርቦን ነበር፣ በማግስቱም ፈተና ነበረብን። ረቂቁ ከአዛን በፊት አለፈ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ምርጫው ሲካሄድ ከአዲሱ ደንብ አንዷ መስመር ጎልታ ታየችን። «የታደሰ የተማሪ መታወቂያ ያልያዘ አይመርጥም» ትላለች። የፍሬሽማኖቹ መታወቂያ ደግሞ ገና አልታተመም ነበር። የምዝገባ ስሊፓቸውንና የካፌ ካርዳቸውን ይዘው መጥተው ከበር ተመለሱ። አንዷ እህት «እዚህ የማያውቀኝ ማን አለ?» ብላ ስትጠይቅ የመለሰላት አልነበረም። ሁላችንም እናውቃታለን፤ ደንቡ ግን አያውቃትም። በስብሰባው ዕለት እጃቸውን አውጥተው ዕድል ካላገኙት መካከል ሁለቱ ፍሬሽማን እንደነበሩ የሰማነው በኋላ ነው።

ማንም ክፉ አላሰበም። ነገሩ ግን ከውስጣችን አልወጣም። ስለዚህ በዚህ እትም የአገር ምክር ቤቶች የምርጫ ሕግ ሲያሻሽሉ የክርክር ጊዜን እንዴት እንደሚገድቡ፣ ገደቡስ መቼ እንደሚጎዳ ለማየት ወሰንን። ምሳሌያችን በዋናነት ካናዳ ናት። ካናዳን የመረጥነው ጉዳዩ በአንድ አገር ውስጥ በአሥራ አንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ስለተከሰተ፣ ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች በየተራቸው ስላደረጉት፣ ደግሞም ጭቅጭቁ በአብዛኛው እንደ እኛው በመታወቂያ ዙሪያ ስለነበረ ነው። በቶሮንቶ፣ በካልጋሪና በኤድመንተን ዜግነት አግኝተው የሚመርጡ ዘመዶች ያሉን ብዙዎች ነን፤ ለእነሱ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው። በእንግሊዝ ሥርዓት የተቀረጹ ምክር ቤቶች ውስጥ አንድ ረቂቅ ሦስት ጊዜ «ይነበባል»። የመጀመሪያው ንባብ ማስተዋወቅ ብቻ ነው። በሁለተኛው በጠቅላላ ሐሳቡ ላይ ይከራከሩበታል፤ ከዚያ ወደ ኮሚቴ ሄዶ አንቀጽ በአንቀጽ ይመረመራል፤ ሲመለስ ለሦስተኛ ጊዜ ተከራክረው ድምፅ ይሰጡበታል። ድሮ አንድ አባል መናገር እስከፈለገ ድረስ የሚያስቆመው አልነበረም። በ1881 የአየርላንድ እንደራሴዎች በለንደን ምክር ቤት ይህንኑ ተጠቀሙበት። በአገራቸው ላይ የሚወጣውን የጭቆና ሕግ ለማገድ እየተቀባበሉ ከ41 ሰዓት በላይ ተናገሩ። በመጨረሻ አፈ ጉባኤው ሄንሪ ብራንድ በራሱ ሥልጣን ክርክሩን ዘጋው። ክርክርን በድምፅ መዝጋት የሚባለው ደንብ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ሲወለድ ጀምሮ ሁለት ፊት አለው፦ በአንድ በኩል ምክር ቤቱ እንዳይታገድ ያደርጋል፤ በሌላ በኩል ያን ዕለት አፋቸው የተዘጋው፣ ሕጉ ሊወጣባቸው የነበሩት ሰዎች ወኪሎች ናቸው።

ካናዳ ይህን ደንብ በ1913 ወሰደች። የጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ቦርደን መንግሥት ለባሕር ኃይል ገንዘብ የሚጠይቅ ሕግ አቅርቦ፣ ክርክሩ አላልቅ ሲለው ነው ያመጣው። በ1969 ደግሞ ሁለተኛና ቀለል ያለ መንገድ ተጨመረ፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት እሱ ነው። መንግሥት አስቀድሞ ያስታውቃል፤ «ለዚህ ረቂቅ ለዚህ ደረጃ ይህን ያህል ቀን ይበቃል» የሚል ሐሳብ ያቀርባል፤ ሚኒስትሩ ለሠላሳ ደቂቃ ይጠየቃል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ፓርቲዎቹ ሁሉ ወይም አብዛኞቹ ከተስማሙ ጥሩ ነው፤ ካልተስማሙ ግን መንግሥት አብላጫ ወንበር እስካለው ድረስ ብቻውን ይወስናል። ብቻውን ሲወስን ያለበት ግዴታ ለአንድ ደረጃ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ የስብሰባ ቀን መስጠት ነው።

የምህንድስና ተማሪ ሆነን ቁጥር ሳንሠራ አንቀርም። አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ተናግሮ አምስት ደቂቃ ይጠየቃል እንበል። በአንድ ቀን ለአንድ ረቂቅ አምስት ሰዓት ቢገኝ ሃያ ሰው ይናገራል። በ2014 የካናዳ ምክር ቤት 308 ወንበር ነበረው። የቀሩት 288 እንደራሴዎች የወከሉት ሕዝብ ያን ቀን አልተሰማም ማለት ነው። በርግጥ ሁሉም ቢናገር ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነገር ደጋግመው እንደሚሉ እናውቃለን፤ የጀመዓ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልገውም። ችግሩ አዲስ ነገር የያዘው ሰው ከሃያዎቹ ይሁን ከ288ቱ አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

በካናዳ እስከ 2007 ድረስ ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ ያለ ሰው በአጠቃላይ መታወቂያ ሳይጠየቅ ይመርጥ ነበር። በኦክቶበር 2006 የቀረበና በጁን 2007 የጸደቀ ሕግ ይህንን ቀየረው። መራጩ ማንነቱንና አድራሻውን በሰነድ ያሳይ ተባለ፦ ወይ ፎቶና አድራሻ ያለበት አንድ የመንግሥት መታወቂያ፣ ወይ ሁለት ሌሎች ሰነዶች፣ ወይ ደግሞ በዚያው ምርጫ ጣቢያ አካባቢ የሚኖር ሌላ መራጭ ምሎ ይመስክርለት። የመጨረሻው እኛ ቀበሌ ስንሄድ «ምስክር አምጡ» እንደምንባለው ዓይነት ነው።

ይህ ሕግ በሁለት ቀን የተጣደፈ አልነበረም፤ ስምንት ወር ወስዷል። ሦስት ትልልቅ ፓርቲዎች ደግፈውታል፤ አራተኛው ብቻ ተቃወመ። ሆኖም ከጸደቀ በኋላ ጉድ ወጣ። ሕጉ የመራጩ አድራሻ በመዝገቡ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር ይላል። በገጠርና በሰሜን ካናዳ ግን የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ ያላቸው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። እንዲህ ያሉት የተመዘገቡ መራጮች ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። ሕጉ እንደተጻፈ ቢሠራበት እነዚህ ሰዎች መታወቂያ ይዘውም ሊመለሱ ነው። መንግሥት ሌላ ማስተካከያ ሕግ አምጥቶ በዲሴምበር 2007 አስጸደቀ።

ስለዚህ «ጊዜ ብቻ ቢሰጥ ስሕተት አይኖርም» ብለን አንጽፍም። ትልልቆቹ ሲስማሙ ስምንት ወርም ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ጥያቄው በዚያ ጊዜ ውስጥ የማን ድምፅ ገባ የሚለው ነው። መድረሳ የተማርን ሁሉ ይህንን ከኡስታዞቻችን እናውቀዋለን። የሚቀራው ልጅ የራሱን ስሕተት አይሰማውም፤ የሚሰማው አጠገቡ ሆኖ የሚያዳምጠው ነው። ሳያዳምጡት አንድ ጁዝእ ቢቀራ እንኳ ስሕተቱ እንዳለ ይቀጥላል።

ከዚሁ ሕግ የመጣ፣ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር ደግሞ አለ። በሴፕቴምበር 2007 በኩቤክ ሦስት የማሟያ ምርጫዎች ሊካሄዱ ሲሉ «ኒቃብ የለበሰች ሴት ፊቷን ሳትገልጥ ትመርጣለች ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። የአገሪቱ ዋና የምርጫ ኃላፊ ማርክ ሜይራንድ በዚያው ዓመት የተሾመ ሰው ነበር። መልሱ አጭርና የሕግ ነበር፦ ሕጉ ፎቶ የሌላቸውን ሁለት ሰነዶች ይቀበላል፤ በፖስታ መምረጥንም ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ፊት መግለጥን ግዴታ አያደርግም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነቀፉት፤ የፓርላማ ኮሚቴ ጠርቶ ባለህ ልዩ ሥልጣን አስገድዳቸው አለው። እሱ ግን የሕጉን ቃል ለመቀየር የምክር ቤቱ እንጂ የእኔ ሥልጣን አይደለም ብሎ ቆመ። መንግሥት ፊት መግለጥን የሚጠይቅ ረቂቅ አቀረበ፤ ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። ሜይራንድ ሙስሊሞችን ደግፎ አልነበረም፤ የተጻፈውን አነበበ። የጥቂት ሴቶችን መብት የጠበቀው ሕግን በጥድፊያ ለመተርጎም እምቢ ያለ አንድ ቢሮክራት መሆኑን ግን ልብ በሉ፤ ስሙን ትንሽ ቆይተን እንደገና እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ጊዜ 2014 ነው። በፌብሩዋሪ 4 የእስቲቨን ሃርፐር መንግሥት ሚኒስትር የነበረው ፒየር ፖሊየቭር «ፍትሐዊ ምርጫ» የሚል ስም የተሰጠውን ከሁለት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ረቂቅ አቀረበ። በዚያው ሳምንት መንግሥት በሁለተኛው ንባብ ላይ የክርክር ጊዜ ገደብ ጣለ። በፌብሩዋሪ 10 ድምፅ ተሰጥቶ ረቂቁ ወደ ኮሚቴ አለፈ። ከቀረበ ስድስተኛ ቀኑ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድም በመካከሉ አሉ። ሁለት መቶ ገጽ የሕግ ጽሑፍ በስድስት ቀን ለማንበብ ሞክሩና እዩት፤ እኛ የአንድ ሴሚስተር ሞጁል እንኳ በዚያ ጊዜ አንጨርስም።

ውስጡ ምን ነበር? በምስክር መምረጥን ጨርሶ ያስቀራል። ለእያንዳንዱ መራጭ በፖስታ የሚላከውን የምርጫ ማሳወቂያ ካርድም እንደ አድራሻ ማስረጃ መቀበልን ይከለክላል። ዋናው የምርጫ ኃላፊ ለሕዝብ ምን መናገር እንደሚችልም ያጠብባል። የመንግሥት ምክንያት ማጭበርበርን መከላከል ነው። ሜይራንድ ግን በ2011 ምርጫ ወደ 120,000 ሰው በምስክር እንደመረጠ ተናገረ። ካናዳ ውስጥ ፎቶና አድራሻን አንድ ላይ የያዘው የተለመደ ሰነድ መንጃ ፈቃድ ነው። ፓስፖርታቸው ላይ አድራሻ አይታተምም። መኪና የማይነዱ አረጋውያን፣ ዶርም የሚኖሩ ተማሪዎች፣ በየመንደራቸው ያሉ የአገሬው ነባር ሕዝቦች የሚቸገሩት ለዚህ ነው። በ2011 የምርጫው መሥሪያ ቤት የማሳወቂያ ካርዱን እንደ ማስረጃ የሞከረው በእነዚሁ ቦታዎች ነበር፦ በአረጋውያን መኖሪያዎች፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎችና በነባር ሕዝቦች መንደሮች። ባሏ የተከራየው ቤት የምትኖር፣ ውሉም የመብራቱም ደረሰኝ በእሱ ስም የሆነ አዲስ ዜጋ እህትንም አስቡ።

ሚኒስትሩ በተደጋጋሚ የጠቀሰው ሃሪ ኖይፌልድ የተባለ የቀድሞ የምርጫ ኃላፊ ያዘጋጀውን ጥናት ነበር። ጥናቱ በምስክር በተመረጠባቸው ጣቢያዎች ብዙ የአሠራር ጉድለት አግኝቷል። በኋላ ግን ኖይፌልድ ራሱ ወጥቶ ተናገረ፦ ያገኘሁት የምርጫ ሠራተኞች ቅጽ ሲሞሉ የሠሩትን ስሕተት ነው፤ የመራጮች ማጭበርበር አይደለም። ከዚህ በኋላ የመንግሥት ዋና ማስረጃ ላላ። ይህ የተሰማው ግን ምክር ቤቱ በሁለተኛው ንባብ ድምፅ ከሰጠ ከሳምንታት በኋላ ነው። በእነዚያ ስድስት ቀናት ውስጥ ሊሰማ አይችልም ነበር፤ ሰውየውን ማንም አልጠየቀውማ።

ታዲያ እንዴት ተሰማ? ከተቃዋሚዎቹ ዴቪድ ክሪስቶፈርሰን የሚባል እንደራሴ ኮሚቴው ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ተናገረ። የፈለገው ኮሚቴው አገሪቱን ዞሮ ሕዝብ እንዲሰማ ነው። ያንን አላገኘም። ሆኖም ምስክሮች የሚሰሙበት በርካታ ሳምንት ተገኘ። የጊዜ ገደቡ ሜይ 1 ነበር፤ እሱም አልተነሣም። በእነዚያ ሳምንታት ሜይራንድ ቀረበ፤ ኖይፌልድ ቀረበ፤ ከ150 በላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ግልጽ ደብዳቤ ፈረሙ። ከሁሉ የከበደው ግን በመንግሥት ፓርቲ ሰዎች ብዛት የሚመራው የሴኔት ኮሚቴ ራሱ ማሻሻያዎች መጠየቁ ነው። በኤፕሪል መጨረሻ ሚኒስትሩ ወደኋላ አለ። ማንነቱን በሰነድ ያሳየ ሰው አድራሻውን በመሐላና በሌላ መራጭ ፊርማ ማረጋገጥ እንዲችል ተፈቀደ። የምርጫ ኃላፊው አንደበት ላይ የተጣለው ገደብም ላላ። የማሳወቂያ ካርዱ ክልከላ ግን ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ነው። ብዙ ሰው የምክር ቤት ክርክር ዓላማ ማሳመን ይመስለዋል፤ ስለዚህ «ሁሉም በፓርቲው መስመር ድምፅ ሊሰጥ፣ ክርክሩ ቢያጥር ምን ጎደለ?» ይላል። በ2014 ከተናጋሪዎቹ አንዱ እንኳ የሚኒስትሩን ልብ እንዳልቀየረ እንቀበል። ክርክሩ የሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ ጊዜ ገዛ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከምክር ቤቱ ውጭ ያለው ሰው፣ ጥናቱን የጻፈው፣ ጣቢያውን የሚያስተዳድረው፣ ከበር የሚመለሰው፣ ሕጉን አንብቦ «ይሄ እኔን ያስቀረኛል» ለማለት ቻለ። እኛ አንድ ድልድይ በወረቀት ላይ ቆሟል ብለን መኪና አናሳልፍበትም፤ ጭነት እየጨመርን እንፈትነዋለን። የክርክር ጊዜ የሕግ መፈተኛ ነው። የቆረጠው ሰው ፈተናውን ነው የቆረጠው፤ ስንጥቁ ግን እዚያው አለ።

የምርጫ ሕግ ደግሞ ከሌላው ሕግ ይለያል። የግብር ሕግ በጥድፊያ ወጥቶ ሕዝቡን ቢጎዳ ሕዝቡ በሚቀጥለው ምርጫ ይፈርዳል። የምርጫ ሕግ ግን ዳኛውን ራሱን ነው የሚነካው። ከበር የተመለሰ ሰው «ለምን መለሳችሁኝ» ብሎ በድምፁ ሊቀጣ አይችልም፤ ተመልሷላ። በዚያ ላይ ሰዓቱን የያዘው አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ ራሱ በዚያ ሕግ የሚወዳደር ነው። የኳስ ሜዳ ቋንቋ ይፈቀድልንና፣ አንዱ ቡድን የጨዋታውን ደንብ ቀይሮ፣ ስለ ለውጡ የሚወራበትን ደቂቃም እሱው ሲቆጥር ማለት ነው።

ቀሪው በጥድፊያ ሄደ። ሜይ 1 ሰዓቱ ሲሞላ ኮሚቴው ያልደረሰባቸው የተቃዋሚ ማሻሻያዎች ያለ ውይይት ድምፅ ተሰጠባቸው። ሕጉ በጁን 19 ጸደቀ። የካናዳ ተማሪዎች ፌዴሬሽን ከሌላ ማኅበር ጋር ሆኖ የካርዱን ክልከላ ፍርድ ቤት ወሰደው። በጁላይ 2015 ዳኛው ከምርጫው በፊት ሕጉን ለማገድ ፈቃደኛ አልሆነም። በዚያው ሰሞን የሃርፐር መንግሥት በአንድ የምክር ቤት ዘመን ክርክርን የገደበበት ጊዜ ብዛት መቶ ደረሰ።

እስካሁን ያነበበ ሰው «ክፉዎቹ ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ሦስተኛው ታሪክ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በኦክቶበር 2015 ሊበራሎቹ አሸነፉ። በተቃዋሚነታቸው ጊዜ የ2014ቱን ሕግ አምርረው የነቀፉ፣ እንለውጠዋለን ብለው ቃል የገቡ ናቸው። በኖቬምበር 2016 ከአፍጋን ቤተሰብ የመጣችው ሚኒስትር ማርያም ሞንሰፍ በምስክር መምረጥንና የማሳወቂያ ካርዱን የሚመልስ ረቂቅ አቀረበች። ረቂቁ ከቀረበ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ክርክር ሳይደረግበት ለዓመት ተመንፈቅ ተቀመጠ! ምርጫው በ2019 ነው። ጊዜያዊው የምርጫ ኃላፊ ስቴፋን ፔሮ ለዝግጅት እንዲበቃ ሕጉ እስከ ኤፕሪል 2018 ቢጸድቅ ብሎ አስጠነቀቀ። መንግሥት በኤፕሪል 30 ቀን 2018 የመጨረሻዋን ቀን ጠብቆ አዲስ ትልቅ ረቂቅ አመጣ፤ የቀድሞውንም በውስጡ ጠቀለለው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጊዜ የለንም ብሎ በክርክሩ ላይ ገደብ ጣለ። አሁን የሚጮኹት ወግ አጥባቂዎቹ ሆኑ። በ2014 የተባለው ሁሉ በተቃራኒ አፍ ተደገመ።

እኛ በይዘቱ የ2018ቱን ሕግ እንደግፋለን፤ ከበር የተመለሰን ሰው የሚያስገባ ነውና። በዲሴምበር 13 ሲጸድቅ በምስክር መምረጥ ተመለሰ፤ የማሳወቂያ ካርዱም ከሌላ ሰነድ ጋር ማስረጃ መሆኑ ተመለሰ። ቢሆንም የምንወደው ሕግ በማንወደው መንገድ ሲያልፍ ዝም ካልን፣ በ2014 የተናገርነው ስለ መንገዱ አልነበረም ማለት ነው። ዓመት ተመንፈቅ ተኝቶ «ጊዜ አልቋል» የሚል ሰው ጊዜውን የጨረሰው እሱ ነው። ይህንን የምናስተውለው አሳይመንት በመጨረሻው ሌሊት መሥራት የለመድን ስለሆንን ይሆናል።

በሌላው ጠርዝ ደግሞ አሜሪካ አለች። እዚያ በሴኔት ክርክርን ለመዝጋት ከመቶው 60 ድምፅ ያስፈልጋል። በ2021 የመምረጥ መብትን ለማስፋት የቀረበ ትልቅ ረቂቅ በጁን 22 ክርክሩን ለመጀመር እንኳ 50 ለ50 ሆኖ ወደቀ። በጃንዋሪ 2022 ለዚህ ጉዳይ ብቻ ደንቡን ለመቀየር የተደረገው ሙከራም 52 ለ48 ተሸነፈ። ሁለት የራሱ የገዢው ፓርቲ ሴናተሮች ከተቃዋሚው ጋር ቆመው ነበር። እዚያ የተበደለው ሰው የተበደለው ክርክር በማጠሩ አይደለም፤ ክርክሩ እንዳያልቅ፣ እንዲያውም እንዳይጀመር የሚያደርግ ደንብ በመኖሩ ነው። ስለዚህ «ገደብ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ብቻ መጮኽ አይበቃም። ማለቂያ የሌለው ሰዓትም አንድ ወገን የያዘው ሰዓት ነው።

እኛ ሦስቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናያቸው የምንጠይቀው ጥያቄ ተለወጠብን። «ስንት ሰዓት ተከራከሩ?» ከማለት ይልቅ ረቂቁ ለሕዝብ ከታየበት ቀን እስከ መጀመሪያው ድምፅ ድረስ ሕጉ የሚነካው ሰው አንብቦ ለመናገር በቂ ቀን ነበረው ወይ እንላለን። የመዝጊያውን ቀን ሁለቱም ወገን አስቀድሞ ተስማምቶበት ነበር ወይስ አንዱ መሸነፍ ሲጀምር ተቆረጠ? ምርጫውን የሚያስተዳድረው ገለልተኛ አካል ቀርቦ ተሰምቷል ወይ? በ2014 የመጨረሻው የተሟላው በጭቅጭቅ ነው፤ ሌሎቹ አልተሟሉም። በእኛ መስጂድ ከሦስቱ አንዱም አልተሟላም። ረቂቁን ያየነው በዚያው ከሰዓት ነው፤ ገደቡ የመጣው እጅ ሲበዛ ነው፤ ከምርጫ አስፈጻሚዎቹም አንዱ እንኳ አልተጠየቀም።

የሹራው አባላት የዘንድሮውን ማሻሻያ ለመቀበል ቀና ሆነው አግኝተናቸዋል፤ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። መታወቂያ የሌለው ፍሬሽማን በስሊፑና በአንድ ነባር አባል ምስክርነት እንዲመርጥ የሚል አንቀጽ ገብቷል። አንዳንድ ወንድሞች አንድ ሰው ለስንት ሰው ይመስክር ብለው ጠይቀዋል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በካናዳ አንድ መራጭ ለአንድ ሰው ብቻ ይመሰክር እንደነበረ ነግረናቸዋል። ረቂቁ ከዛሬ ጀምሮ በወንዶቹም በሴቶቹም በኩል ከጫማ መደርደሪያው በላይ ተለጥፏል፤ አራት ገጽ ነው። አስተያየት በጽሑፍ ለማንኛውም የሹራ አባል መስጠት ይቻላል፤ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። ውይይቱ ከሁለት ጁሙዓ በኋላ ይካሄዳል፤ ዘንድሮ ከዙህር በኋላ እንዲሆን ጠይቀን ተፈቅዶልናል፤ መግሪብ ሩቅ ነው። ምሳ የምታመጡ እህቶችና ወንድሞች አስቀድማችሁ ለአዘጋጆቹ ንገሩ።